አጎትየው እሺ ያለ ቀን

ባለፈው ወር አሮጌ የጥናት ጠረጴዛ በነፃ የምትሰጥ ሴት አገኘሁና ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ሄድኩ። አድራሻውን ስልኬ ላይ ሳየው ምንም አልመሰለኝም ነበር። የሕንፃውን በር ስከፍት ግን በሽንኩርት የሚጠበስ የአብሽ ቅጠል ሽታ ደረጃው ሥር ተቀበለኝ፤ ያኔ የት እንደቆምኩ ገባኝ። ሰው በልጅነቱ ወደኖረበት ቤት ሲመለስ ሆዱ ይባባል ይባላል። እኔ የተሰማኝ ብስጭት ነው። ጠረጴዛውን ተሸክሜ ስወርድ እንኳ በልቤ ከእማማ ጋር እየተከራከርኩ ነበር።

እማማ ብርነሽ የሟቹ አያቴ እኅት ናቸው። እናቴንና ታናሽ እኅቷን ሰላምን ያሳደጉት እሳቸው ስለሆኑ በቤታችን ከእሳቸው በላይ ቃል የለም። ሦስተኛ ክፍል በጨረስኩበት ክረምት ወንድሜ ተወልዶ ነበርና ሊጠብቁልን ከአዲስ አበባ መጡ። እናቴ ሆስፒታል ስለምትሠራ ሺፍቷ አይታወቅም። አክስቴ ሰላም ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ትተኛለች። የእኔ ሥራ ማስተርጎም ነበር፤ እማማ እንግሊዝኛ አይችሉም፣ ዝም ማለትም አይችሉም።

መጀመሪያ ወደ ቢጂ ቤት ያወረደን ያ ሽታ ነው። እማማ በራችንን ከፍተው አሸተቱና፣ እዚህ ሕንፃ ውስጥ ሐበሻ አለ፣ አብሽ እየጠበሰ ነው፣ ነይ አሉኝ። ልክ ከእኛ ሥር ያለውን በር አንኳኩ። ነጭ ሻሽ ያደረጉ፣ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ወፍራም መነጽር ያጠለቁ ሴት ከፈቱ። ሐበሻ አልነበሩም። እማማ ግን ወደኋላ የሚመለሱ ሰው አይደሉም፤ ምን እንደሚሠሩ ጠይቂልኝ አሉ። እኔም አንገቴን ደፍቼ፣ ይቅርታ፣ ወጥዎ ስለሸተተን ነው ያንኳኳነው ብዬ አስረዳሁ። ሴትዮዋ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁና አስገቡን።

ስማቸውን እስከ ዛሬ አላውቀውም። ልጃቸው ጉሪም፣ ጎረቤቱም ሁሉ ቢጂ ነው የሚላቸው፤ በአገራቸው በፑንጃብ እናትን እንዲህ እንደሚሏት ነገሩኝ። ጉሪ ታክሲ ይነዳል። እሱ ሥራ ሲውል ቢጂ ከምሳ በኋላ መሬት ላይ ፍራሽ ያነጥፉና አተር እየፈለፈሉ ወይም ሹራብ እየሠሩ ፊልም ያያሉ። ሁልጊዜ አንድ ፊልም ነው። ቀለሙ ብዙ ጊዜ እንደታጠበ ልብስ የገረጣ፣ ዲቪዲው አልፎ አልፎ የሚንገጫገጭ፣ በፑንጃቢ ቋንቋ የተሠራ የድሮ ፊልም። ታሪኩ አገሬው ከአያት ከቅድመ አያት ሲያወራው የኖረው ነው አሉን። አንድ የሀብታም ልጅ ከአንድ ከብት ጠባቂ ጋር ይዋደዳሉ፤ የልጅቷ አጎት ደግሞ ቤተሰቡን ሁሉ አሰልፎ እምቢ ይላል።

ፊልሙ የትርጉም ጽሑፍ የለውም። ስለዚህ ቢጂ ተዋናዮቹ ያሉትን በተሰባበረ እንግሊዝኛ ይነግሩኛል፤ እኔ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፤ እማማ ደግሞ አይደለም ይላሉ።

እማማ ፊልም አያዩም፤ ፊልም ያስረዳሉ። በልጅነታቸው የሰፈራቸው ሴቶች ልጆች ለሁሉም የሚበቃ የሲኒማ መግቢያ ስለማያገኙ አንዷን ብቻ የህንድ ፊልም ያስገቧታል፤ እሷ ስትወጣ ለቀሩት ትተርካለች። የምትገባው እሳቸው ነበሩ። ችግሩ፣ አባታቸው ቤት ከመድረሳቸው በፊት መገኘት ነበረባቸውና ፊልሙን አይጨርሱትም። ሲቆጣ የነበረው ትልቅ ሰው ልቡ ሲራራ ካዩ ተነስተው ይሮጣሉ፤ የቀረውን ሰርግ ራሳቸው ይጨምሩበታል። እንዲህ ስንትና ስንት ፊልም እንደደገሱ እሳቸው ይወቁት። ስለዚህ የህንድ ፊልም እንዴት እንደሚያልቅ ለእማማ የሚነግር ሰው አልተፈጠረም። ቢጂ፣ የህንድ ሳይሆን የፑንጃብ ፊልም ነው ብለው ቢያርሙም፣ ያው ነው በያት አሉኝ። ያው ነው አላልኳቸውም። ፊልሙን እንደወደዱት ነገርኳቸው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ እማማ ከአጎትየው ጋር መወገናቸው ነው። ልጁ ከላሞቹ መሀል ቆሞ ሲዘፍን፣ ልጅቷ ከግንብ ላይ ሆና ስታለቅስ፣ ቢጂ ዓይናቸውን ሲጠርጉ፣ እማማ አገጫቸውን ይዘው ይተቻሉ።

«ማን ሽማግሌ ላከ? ማንም። በዘፈን ነው እንዴ የሰው ልጅ የሚጠየቀው? ከዚያ ሁሉ ሰው ጤነኛው አጎትየው ብቻ ነው፤ በያት።»

አልኳቸው። ቢጂ የሚፈለፍሉትን አተር አስቀምጠው፣ ሐሳቡ የእኔ ይመስል፣ ረጅም ጊዜ አዩኝ።

ፊልሙ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ አጎትየው የልጅቷን ራስ በእጁ ይነካና እሺ ይላል። በየጊዜው እዚያች ቦታ ላይ ስንደርስ እማማ ነጠላቸውን ሰብስበው ይነሳሉ። በቃ፣ እሺ አለ፣ ነይ እንሂድ። ቢጂ እጃቸውን እያወዛወዙ ገና ነው፣ አላለቀም ይላሉ። እማማ፣ አላለቀም እያሉ ነው እኮ እላለሁ። እማማ ጫማቸውን እየፈለጉ፣ የቀረው ሰርግ ነው፣ እኔ ደግሞ የሰው ሰርግ ጠግቤያለሁ ይላሉ። እኔ መጨረሻውን ለማየት ያልለመንኩት ልመና የለም። አንድ ፊልም ያን ያህል ጊዜ አይቶ መጨረሻውን የማያውቅ ልጅ ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም።

ቤታችን ገብተን ትንሽ እንደቆየን ከወለሉ ሥር ለቅሶ ይሰማል። ቢጂ ናቸው። እማማን ብጠይቃቸው፣ ልጅ ሲዳር እናት ታለቅሳለች አሉኝ። ያን ጊዜ እኔ የራሴን ነገር ደመደምኩ፦ ፊልሙ ውስጥ ያለችው ልጅ ቢጂ ናቸው፤ የሚያለቅሱት የራሳቸው ሰርግ ትዝ እያላቸው ነው። አፍንጫቸው ትንሽ ይመሳሰል ነበር። ከዚያ በኋላ ቢጂን የማያቸው በትልቅ አክብሮት ሆነ። በርክ ከሚባል ከተማ አንድ ጥምጥም ያሰሩ ሽማግሌ ዘመዳቸው የጣፋጭ ካርቶን ይዘው ሲመጡ፣ አጎትየው ራሳቸው ናቸው ብዬ አመንኩ። ፊት ለፊታቸው ቆሜ በጥሩ እንግሊዝኛ፣ ስለ ፈቀዱላቸው በጣም አመሰግናለሁ አልኳቸው። ሰውየው ቢጂን አዩ፣ ቢጂ እኔን አዩ። ከካርቶኑ ሁለት አንስተው ሰጡኝ፤ በላሁ።

ከዚያ የሰላም ሽማግሌዎች መጡ።

ሰላም ዳንኤል ከሚባል ሰው ጋር ትዋደድ ነበር። አሌክሳንድሪያ ይኖራል፤ እዚያ ባለ የወንጌላውያን አማኞች ጉባኤ ውስጥ ይዘምራል። እኛ ኦርቶዶክስ ነን። ምሽት ላይ መኪናውን ፓርኪንግ ውስጥ አቁሞ ይጠብቃታል፤ እማማ በመስኮት ያዩትና፣ ይሄ ጴንጤ ዛሬም መጣ እያሉ ያጉረመርማሉ። አንድ ቅዳሜ ታዲያ ሦስት ሙሉ ልብስ የለበሱ ሰዎች ላከ። ታላቅየው አቶ ተስፋዬ ይባላሉ። እንደ ወጉ፣ ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም ብለው በወንድሜ መጫወቻዎች መሀል ምንጣፉ ላይ ቆሙ። ሰላምና እኔ መኝታ ቤት ሆነን ጆሯችንን በሩ ላይ ለጥፈናል። አቶ ተስፋዬ አማርኛቸው ያማረ ነበር። ልጃችሁን ለልጃችን ብለው ጨረሱ።

እማማ ጊዜ ወስደው፣ ልጃችን ገና ልጅ ናት፣ ዘመድም አልመከረበትም፣ የምንሰጣት ልጅ የለችንም አሉ። ሰላም ሠላሳን ካለፈች ቆይታለች።

አቶ ተስፋዬ ዓይናቸውን ጨፍነው አጭር ጸሎት አደረጉ፤ ፈቃድህ ይሁን የምትለዋን ሰማሁ። አመስግነው ወጡ። የቀረበላቸውን ጁስ አልነኩትም። ሰላም አልጋዬ ላይ ተቀምጣ የጆሮ ጌጧን አንድ በአንድ አወለቀች። እናቴ ሳሎን ውስጥ፣ ጴንጤ ስለሆነ ነው አይደል ብላ ስትጠይቅ፣ እማማ፣ የሴት ወገን ነገሩን አይዘረዝርም ብለው ዘጉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም ለእማማ ቃል አልተነፈሰችም። የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ሆነ። አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን፣ ሜሮን፣ ጨው ያቀብሉኝ በያቸው ትላለች ሰላም። አጠገቧ ነው በያት ይላሉ እማማ። ሁለቱም አማርኛ ተናጋሪ ናቸው፤ ሁለቱም የተባለውን ሰምተዋል፤ እኔ ግን ካልደገምኩት ማንም አይንቀሳቀስም። ከአማርኛ ወደ አማርኛ እያስተረጎምኩ ሳምንታት አለፉ። ዳንኤል ፓርኪንግ ውስጥ መቆሙን ተወ። ሰላም ተኝቻለሁ ብላ ካሰበች በኋላ ለጓደኛዋ በስልክ ስትናገር፣ ዳላስ ያለ የአጎቱ ልጅ ሥራ አግኝቶለታል፣ ክረምቱ ሲያልቅ ሊሄድ ነው፣ ይዞኝ ሊሄድ ነበር፣ አሁን ስደውልለት እንኳ ቶሎ አያነሳም አለች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር የምታወራው።

እማማ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ የሐበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው ፓርኪንጉን የሚያሳየው መስኮት ሥር ከጠዋት ጀምሮ ይቀመጣሉ። ጁስ ተገዝቷል፣ ብርጭቆ ተደርድሯል። ቴሌቪዥን አይከፈትም፤ እንግዳ ሊመጣ ይችላል ይሉኛል። ማን ብላቸው፣ እንግዳ ነዋ። የመኪና በር በተዘጋ ቁጥር ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። እኔ ቄስ የሚጠብቁ መስሎኝ ነበር። የሳምንት ሙሉ ካርቱኔ ቅዳሜ ጠዋት ስለሆነ ያንን ቄስ ከልቤ ጠላሁት። ከሰዓት ሲሆን ቀሚሳቸውን ያወልቃሉ፤ ማንም ሳይመጣ ይመሻል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና ይለብሳሉ።

ትምህርት ሊከፈት ሲቃረብ፣ በአንዱ ቅዳሜ፣ ቀሚሱን ሳያወልቁ ተነሱና ወደ ታች እንውረድ አሉኝ። ወንድሜን የምትይዘው እናቴ ቤት ነበረች። ቢጂ ፊልሙን እያዩ ነበር፤ ገና ሲያዩን ቦታ ለቀቁልን። እማማ ያን ቀን አልተቹም። አጎትየውንም አላወደሱም። ልጁ ዘፈነ፣ ልጅቷ አለቀሰች፣ አጎትየው ራሷን ነክቶ እሺ አለ። እኔ ልማዴ ስለሆነ ተነስቼ ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ።

እማማ ቁጭ በይ አሉኝ።

ልጅቷን ለሰርግ አስዋቧት። እጇን ቀለም ቀቧት፣ አበባ አሰሩላት። አጎትየው በሳህን ጣፋጭ ይዞ ገባና በእጁ አጎረሳት። ሳቀችለት። ከዚያ አንገቷን ያዘች። ልጁ በሙሽራ ልብሱ ሲደርስ ወድቃ ነበር፤ የተረፈውን ጣፋጭ አንስቶ በላና አጠገቧ ተኛ። ሙዚቃው አልቆመም። እኔ ከበርኩ ሰውዬ ተቀብዬ የበላሁት ሁለት ጣፋጭ ትዝ አለኝ። ቢጂ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ፤ ከወለሉ ሥር ስሰማው የከረምኩት ያ ለቅሶ ነበር።

እማማ ቆመዋል። ጣታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀስረዋል። እሺ ብሎ የለም እንዴ፣ እሺ ካለ በኋላ እንዴት ይሆናል፣ ጠይቂልኝ አሉ። ጠየቅኩ። ቢጂ መነጽራቸውን አውልቀው እየጠረጉ መለሱ። እኔም ያሉትን እንደምንም ሰብስቤ፣ እምቢ ያለው በአደባባይ ነው፣ ሰው ሁሉ ሰምቶ ይዞት ሄዷል፣ እሺታው ግን ከልቡ አልነበረም፣ ያመነውም የለም ይላሉ አልኩ።

እማማ አልረኩም። «የልጁ ወገኖችስ? አንዴ እምቢ ሲባሉ ለምን ተመልሰው አልመጡም? ደጅ መጥናት አያውቁም? ሁለቴ፣ ሦስቴ መምጣት ነበረባቸው።»

ይሄንንም አስተረጎምኩ። ፊልሙ ውስጥ ስለ መምጣት የሚያወራ ማንም ስላልነበረ እማማ እንደገና የራሳቸውን ፊልም እየሠሩ ነው ብዬ ተናድጄ ነበር። ቢጂ መነጽራቸውን አጠለቁና የእማማን ፊት ብዙ አዩ።

«ተመልሰው እንዲመጡ ማን ነገራቸው?» አሉ።

አማርኛውን ለእማማ ነገርኳቸው። ቢጂ ቴሌቪዥኑን አጠፉ። ከዚያ እማማ፣ ጉሪ ቤት አለ ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ አሉኝ።

ጉሪ የእረፍት ቀኑ ስለነበረ ተኝቶ ነበር። እናቱ ቀሰቀሱት። እኔ ደረጃውን ወጥቼ የቤት ስልካችን ላይ የቀረውን የአቶ ተስፋዬን ቁጥር ፈልጌ ደወልኩላቸው፤ ግራ ገብቷቸው አድራሻቸውን ሰጡኝ። እናቴ ወዴት ነው ስትለኝ፣ ከእማማ ጋር አልኩ፤ በቤታችን ይህ በቂ መልስ ነው። ቢጂም ነጭ ሻሻቸውን አስተካክለው ከጉሪ ታክሲ ፊት ወንበር ተቀመጡ። ማንም አልጠራቸውም፤ የሚቀሩበትም ምክንያት አልታያቸውም።

ከተማውን የሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌይ ላይ፣ መኪናው ተጨናንቆ ቆመ። እማማ ከጎኔ ሆነው ለራሳቸው ያወራሉ። የሴት ወገን በእንዲህ ያለ ነገር ወደ ወንድ ቤት ሄዶ አያውቅም፤ አባቴ ይሄንን ቢያይ፤ ሲልኩም ወግ የማያውቁ ሰዎች ልከው። ቢጂ ከፊት ዞረው ምን እያሉ ነው ይሉኛል። ስለ መንገዱ ነው እላለሁ። የሰላምን ሽማግሌዎች ሊፈልጉ እየሄዱ መሆኑ የገባኝ ድልድዩ ላይ ስንወጣ፣ ከወንዙ ባሻገር አሌክሳንድሪያ የሚለው ሰሌዳ ሲታይ ነው። ቄሱ አቶ ተስፋዬ ነበሩ ማለት ነው። ይሄ ሁሉ ካርቱን ያለፈኝ ለእሳቸው ነው።

አቶ ተስፋዬ በሩን የከፈቱት በካልሲ ሆነው ነው፤ ከሥራ መግባታቸው ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ አልማዝ ከኋላቸው ብቅ አሉ። አንድ የሐበሻ ቀሚስ የለበሱ አሮጊት፣ አንድ ነጭ ሻሽ ያሰሩ የፑንጃብ አሮጊት፣ እንቅልፉን ያልጨረሰ ጎረምሳና እኔ። ተቀመጡ ብለው ለመኑን። ቢጂና ጉሪ ተቀመጡ። እማማ እምቢ አሉ፤ ጉዳያቸውን ሳይናገሩ አይቀመጡም።

«ለምን አልተመለሳችሁም?» አሉ።

አቶ ተስፋዬ ባለቤታቸውን አዩ። «እማማ፣ እምቢ አሉን እኮ።»

«እምቢ ማለትማ ወግ ነው! ምን ልበላችሁ? ውሰዷት፣ በር ላይ ቆማለች ልበላችሁ?»

አቶ ተስፋዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አስረዱ። ጉባኤያቸው ከመምጣታቸው በፊት ጸልዮበት ነበር። ጌታ ሆይ፣ ፈቃድህ ከሆነ በሩን ክፈት፣ ካልሆነ ዝጋ ብለው ነው የመጡት። እማማ የምንሰጣት ልጅ የለችም ሲሉ የእግዚአብሔር መልስ ነው ብለው ተቀበሉ፤ ለዳንኤልም እንዲሁ ነገሩት፤ እሱም አልቅሶ ተቀበለ።

«እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሱን ለምን ታስገቡታላችሁ?» አሉ እማማ።

ወይዘሮ አልማዝ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። አቶ ተስፋዬ ግን አልሳቁም። ነገሩ የሃይማኖቱ መስሎን ነበር አሉ። እማማ ትንሽ አሰቡ። እሱ ቅር ይለኛል፣ አልዋሽም፣ ቅር ማለትና እምቢ ማለት ግን አንድ አይደለም አሉ። ጉሪ ሶፋው ላይ ወደ እኔ ተጠግቶ፣ የተጣሉት በምንድን ነው አለኝ። ማንም አልተጣላም፣ ችግሩም እሱ ነው አልኩት።

ወይዘሮ አልማዝ ባለቤታቸውን በክርናቸው ነካ አደረጓቸው። «ተስፋዬ፣ ጫማህን አድርግና ጠይቅ እንጂ።»

ጫማቸውን አደረጉ። የሸሚዛቸውን አንገት ቆለፉ። የገዛ ሳሎናቸው መሀል እንደ እንግዳ ቆመው፣ ልጃችሁን ለልጃችን ብለው ጀመሩ፤ አማርኛቸው አሁንም ያማረ ነበር። ሲጨርሱ እማማ ወገባቸውን ቀጥ አደረጉ፤ ከንፈራቸው ተሰበሰበ። ያን አፍ አውቀዋለሁ። ልጃችን ገና ልጅ ናት ሊሉ ነው። ደክሞኛል፣ ጠምቶኛል፣ ሰላም ቤት ውስጥ እንዴት እንደምትተኛ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። የነጠላቸውን ጫፍ ያዝኩ።

«እማማ፣ እባክዎ» አልኩ።

ወደ ታች አዩኝ። ከንፈራቸው ቀስ ብሎ ተፈታ።

«እሺ» አሉ።

አቶ ተስፋዬ ቆመው ቀሩ። ገና የሚሉት ብዙ ነበራቸው መሰለኝ። ምንም ሳይንገራገር እሺ ሲባል ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም። ቢጂ ግን ምንም ሳይነገራቸው በምስጋና እጃቸውን አጋጠሙ። ወይዘሮ አልማዝ ስልክ አምጥተው ለእኔ ሰጡኝ፣ ለሰላም ደወልኩ። ሆቴል ነው የምትሠራው፣ ሺፍት ላይ ነበረች። እማማ አንድ ነገር ሊነግሩሽ ነው አልኳት። አንቺ ንገሪኝ አለችኝ። አይሆንም ብዬ ስልኩን ለእማማ ሰጠኋቸው፤ በዚያ ክረምት አላስተረጉምም ያልኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እማማ በስልክ ሲያወሩ ይጮኻሉ። «ሰላም፣ እኔ ነኝ። የልጁ ወገኖች ቤት ነኝ። እሺ ብያቸዋለሁ።»

እማማ ስልኩን ከጆሯቸው አርቀው አዩት፣ መልሰው አስጠጉት። ከዚያ ለሳምንታት ከእሳቸው ጋር ያልተነጋገረችው የሰላም ድምፅ፣ ቀጭን ሆኖ፣ እኔ ድረስ ተሰማ።

«ደግመው ይበሉልኝ።»

እማማ በመታከት ጣሪያውን አዩ። ጆሮ የላትም ብለው ለአቶ ተስፋዬ ነገሩ። ከዚያ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ሁላችንም እየሰማን፣ ደገሙላት።